የቀኙ ፓራፋንጎ

ኤፕሪል 9

ከመጋዘኑ ጣራ ላይ የቀረው የመጨረሻው በረዶ ዛሬ ተንሸራቶ ወረደ። በሩን ከፍቼ ሸራዎቹን ገፈፍኩ። ትራክተሮቹ ደህና ከርመዋል፤ የአንዱን ወንበር ብቻ አይጥ በልቶታል። ማርሊስ ድሮ «የብረት ልጆችህ እንዴት አደሩ?» ብላ ታሾፍብኝ ነበር። ዘንድሮ አልጠየቀችም።

ቀዩን ትራክተር አልገለጥኩትም።

ከሰዓት በኋላ ኖርብ ዛስትሮው መጣ። የክበባችን ሊቀመንበር ነው። አሮጌ የጓሮ ትራክተር እየለቀምን ማደስ የጀመርነው አብረን ነው፤ ሚስቶቻችንን ያሰለቸነውም አብረን ነው። ሸራውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና፣

«አርቪድ፣ በኦገስቱ ትርኢት ሰልፉን የሚመራው ቀዩ ነው» አለኝ። «አምና ታግሠንሃል። ዘንድሮ ግን አንተ ባትመጣ እኔ ራሴ ገፍቼ እወስደዋለሁ።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ትራክተሩ ፊት ይሆናል። ሞተሩ ይሠራል፣ ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ የባለቤቱ ኮፍያ ብቻ ይደረግበታል፤ ጓደኛው በራሱ ትራክተር በሰንሰለት እየጎተተ ሜዳውን አንዴ ያዞረዋል። ለስንቱ ጎትቻለሁ። ሁሉም ሽማግሌዎች ነበሩ።

ኖርብ የልጃችንን ስም ጠራ። እኔ እዚህ አልጽፈውም። አምና በማርች ሐይቁ ላይ በረዶው ከድቶት ውኃ ውስጥ ከሰመጠ ወዲህ በዚህ ቤት ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ማን እንዳወጣው የማላውቀው ሌላ ደንብ ነው።

«ከፋብሪካ እንደወጣ አድርገው» አለኝ ኖርብ ሲወጣ። አደርገዋለሁ አልኩት።

ኤፕሪል 12፣ ማታ

ገለጥኩት።

አባቴ ለእናቴ አትክልት ቦታ ብሎ የገዛው ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን አልፏል፤ ትራክተሩ ግን አለ። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከእኔ ወረሰው። ከዚያ በኋላ በየጸደዩ የእናቱን የድንች ቦታ የሚያርሰው እሱ ሆነ፣ የጎረቤቱንም ሁሉ። በግራው ፓራፋንጎ፣ በጎማው መከለያ ላይ ያለው ጎድጓዳ ልጁ ከጎረቤታችን የፖስታ ሳጥን ምሰሶ ጋር ሲጋጭ የወጣ ነው። ያን ቀን ማርሊስ ሣር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔ ተቆጣሁ።

የቀኙ ፓራፋንጎ የባሰ ነው። መሐሉ ላይ ቀለሙ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፣ የመዳፍ ያህል። ሲያርስ ወደ ኋላ ዞሮ ማረሻውን ለማየት ቀኝ እጁን እዚያ ይደገፍ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው መደገፍ ነው። ብረቱ ከመነካካቱ ብዛት ለስልሷል፣ ዝገት እንኳ አልደፈረውም።

እኔ ዝገትን ክብር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በክበባችን «የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተዉት» የሚሉ አሉ፤ ያረጀውን ቀለም የማይነኩ። ስንፍና ነው። አሮጌ ነገር ወይ ይታደሳል ወይ ይጣላል። ኖርብ «አርቪድ ፊት ዝም ብለህ ከቆምክ አንተንም ይቀባሃል» ይላል።

ገመዱን ስቤ አስነሣሁት። ድምፁን ስሰማ የምቀመጥበት ፈለግኩ።

ከሰልቫትዮው፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ሥር ትንሽ የናስ መዝጊያ አለች። ክፍት ካደረች ቤንዚኑ ሾልኮ የሞተሩ ዘይት ውስጥ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ እረሳታለሁ፤ እሱ ረስቷት አያውቅም። «አባዬ፣ አንድ ቀን መጋዘኑን ከነዘመዶቹ ታቃጥለዋለህ» ይለኝ ነበር። ዘመዶቹ የሚላቸው የቀሩትን ትራክተሮች ነው። ይህን ስጽፍ ትዝ አለኝ፤ ዛሬም ክፍት ትቻታለሁ። ጧት እዘጋታለሁ።

ኤፕሪል 13

ተዘግታ አገኘኋት።

ኤፕሪል 21

አርጅቼ ይሆናል ብዬ ነበር። ዘግቼ ረስቼው ይሆናል። ስለዚህ ሆን ብዬ ክፍት ትቼ፣ ክፍት መሆኗን በጣቴ ዳስሼ፣ ጮክ ብዬ «ክፍት ነው» ብዬ ገባሁ። ጧት ተዘግታለች። ያውም አጥብቆ፣ እሱ እንደሚያጠብቃት።

ቁርስ ላይ ማርሊስን «መጋዘኑ ገብተሽ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ምን ልሠራ?» አለችኝ። «ያንተ ቤተ ክርስቲያን አይደል!»

ዳቦውን እየቀባች ነበር። ቅቤውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰችው፣ አንዲት ጥግ ሳትቀር። ለልጁም ዳቦ አቀባብ ያስተማረችው እንዲህ ነው። ምን እያልኩ ነው። ልተኛ።

ሜይ 3

ይህን ለማንም አልናገርም።

ለሞተሩ ካንዴላና አዲስ ቺንጋ ልገዛ ከተማ ወርጄ እኩለ ቀን ላይ ተመለስኩ። ቀዩ ቦታው ላይ ነው። ኮፈኑን ስነካው ሞቋል። ሞተሩም ሞቋል። መዝጊያዋ ዝግ ናት። ጎማው ላይ እርጥብ አፈር አለ።

ወደ አትክልት ቦታው ሄድኩ። አምና ሳይታረስ የከረመው መሬት ላይ፣ አረሙ መሐል፣ አንድ ትልም ወጥቷል። አንድ ብቻ። ጠማማ ነው፤ መሐል ላይ እባብ እንዳየ ሰው ዘወር ብሎ ይመለሳል። ልጁ ሲያርስ ትልሙ ገመድ የተወጠረበት ይመስል ነበር። እጁ ከድቶታል ማለት ነው? ከሞተ በኋላ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል?

ማርሊስ ኩሽና ውስጥ እጇን ስትታጠብ ነበር። ብዙ ሳሙና ይዛለች።

«አትክልት ቦታው ላይ የሆነ ነገር ቆፍሯል» አልኳት።

«ፍልፈል ይሆናል» አለች፣ ዞራ ሳታየኝ።

«ማረሻ ያለው ፍልፈል?»

«ዘንድሮ ምኑ ይታወቃል!»

ሳቀች፣ ትንሽ። ከሰማሁት ስንት ጊዜው!

ሜይ 4

ጨካኝ አይደለሁም። ግን እንዲህ አይነት ነገር ውስጥ ሰው ይታመማል። ቶሎ ፈትቼ፣ ልጬ፣ ቀብቼ ልጨርሰው። አዲስ ሲሆን ይተወን ይሆናል።

ሜይ 16

ሞተሩ ወረደ። መሪው ወጣ። ልጁ መሪው ላይ የጠቀለላት ሰማያዊ ፕላስተር ነበረች፤ ቆርጬ ጣልኳት። ማታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ፈለግኳት። የለችም።

ሜይ 23

ኮፈኑንና ግራ ፓራፋንጎውን በብርጭቆ ወረቀት ልጬ ጨረስኩ። ጎድጓዳውን ከጀርባ በመዶሻ አወጣሁት። ጥሩ ሥራ ነው፤ እዚያ ምሰሶ ነበረ ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ለምሳ ስገባ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ቀይ አቧራ ነበርኩ። ማርሊስ በሩ ላይ አይታኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ደም መሰልከኝ» አለች። ቀጥላም «ሁሉንም ልትልጠው ነው?»

«ሁሉንም።»

«የቀኙንም?»

«ግማሽ የተቀባ ትራክተር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ወጥታ ልብስ ልታሰጣ ሄደች። ዝናብ እየጣለ ነበር።

ሜይ 30

ብርጭቆ ወረቀቱ የለም። ሙሉ ጥቅሉ። መደርደሪያውን ገለበጥኩት። ነገ ሌላ እገዛለሁ።

ጁን 5

ኖርብ መጥቶ የቀኙን ፓራፋንጎ ለምን እስካሁን እንዳልነካሁት ጠየቀኝ። አየሩ እርጥብ ነው፣ ቀለም አይዝም አልኩት። ትላንት ደግሞ ትከሻዬን አሞኝ ነበር። ከትላንት ወዲያ ጭቃ የነካውን ጎማ ማጠብ ነበረብኝ። ሥራ መቼ ያልቃል።

ስለ መዝጊያዋ በቀልድ አስመስዬ ነገርኩት።

«ቤንዚን የሚዘጋ መንፈስ?» አለ። «ሁለት ካሉህ አንዱን ላክልኝ፤ የኔዎቹ መብራት እንኳ አያጠፉም።» ከዚያ መሳቁን ተወና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ያንኑ የሚያመኝን።

ጁን 9

ዛሬ ቆርጬ ተነሣሁ። አዲሱን ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ገባሁ። የቀኙ ፓራፋንጎ የለም።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ጨርቅ ለብሶ። ጨርቁ ታጥፎ ተቀምጧል፤ አራት እጥፍ፣ ዳርና ዳሩ ገጥሞ። ብሎኖቹም የሉም። ኖርብ ጋ ደወልኩ፤ አልወሰደም።

«ሌባ ይሆናል» አለ።

«አሥራ ምናምን ትራክተር ትቶ አንድ ያረጀ ፓራፋንጎ የሚሰርቅ?»

«እሱማ ሌባ አይደለም» አለ ኖርብ። «አርቪድ፣ ማርሊስ እንዴት ናት?»

ነገር ማዞር ሲፈልግ ሁልጊዜ ስለ ማርሊስ ይጠይቃል። ደህና ናት አልኩት።

ጁን 10

ሌሊቱን አልተኛሁም። ወስዶት ነው። እንዳይላጥ ወስዶት ነው። ይህን ጽፌ ደግሜ ሳነበው አፈርኩ፤ ግን አልሰርዘውም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘግይቼ። ወይም ቸኩዬ።

ጁን 14

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ማርሊስ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳወልቅ ሰማሁ፦

«አላየም። ... እንዴት አያይም ትይኛለሽ፤ ማየት አይፈልግማ! ... አይ፣ እኔም አልነግረውም። ስሙን ሳልጠራ እንዴት ብዬ?»

የዓይን ሐኪም ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ። ስለሱ መሆን አለበት።

ጁላይ 2

ሦስት አውራጃ አቋርጬ ከአንድ መለዋወጫ ነጋዴ የዚያኑ ዘመን ቀኝ ፓራፋንጎ አገኘሁ። ሴትየዋ «ያንተው ምን ሆነ?» አለችኝ። ጠፋ አልኳት። «ፓራፋንጎ አይጠፋም፣ የኔ ወንድም፤ የሆነ ቦታ ተደግፎ ይቀመጣል እንጂ» አለችኝ።

ጁላይ 19

ተቀባ። ተገጠመ። ቀለሙ ፊት የሚያሳይ መስታወት ሆኗል።

ኖርብ አይቶ አፉን ከፈተ። ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረው። «በሕይወትህ የሠራኸው ምርጡ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እጄ የሚያርፍበት እንከን የለም።

ኖርብ ሲሄድ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁት። የማንም አይደለም። አባቴም የለበትም። ያ ጎድጓዳ የለም፣ ማርሊስ ሣር ላይ የሳቀችው የለም፣ መሪው ላይ ያቺ ፕላስተር የለችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። በገዛ እጄ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ ልጄን ከብረቱ ላይ ላጥኩት። አለቀስኩ። መሸ። ማርሊስ ለእራት አልጠራችኝም፤ ስገባ ግን ሳህኑ ተከድኖ ነበር፣ ትኩስ።

መዝጊያዋን ክፍት ትቻታለሁ። ረስቼ አይደለም።

ጁላይ 20

ተዘግታለች። ዛሬ አልፈራሁም። ደስ አለኝ ብል ይሻላል።

ኦገስት 4

የልጁ ክፍል በር ፊት ቆምኩ። ማርሊስ ገበያ ነበረች። እጀታውን ያዝኩት። ከበሩ ሥር የሞተር ዘይት ሽታ ይወጣል፣ እዚህ ቤት ውስጥ! አልከፈትኩም። ውስጥ ሰው ካለ እንዲኖር፣ ከሌለም እንዳላውቅ።

እጀታው ላይ አቧራ አልነበረም።

ኦገስት 14

ነገ ትርኢቱ ነው። ኮፍያው የት እንዳለ ማርሊስን መጠየቅ ነበረብኝ።

«ኮፍያውን ...» አልኳት፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

«አመጣዋለሁ» አለች።

«አንቺም ትመጫለሽ?»

ከአምና በፊትም አንድም ትርኢት መጥታ አታውቅም። ትራክተር ሰልፍ የሚያይ ሰው ሣር ሲበቅል ማየትም አያቅተውም ትል ነበር።

«አላውቅም» አለችኝ።

ኦገስት 15፣ ጧት፣ በጥድፊያ

መጋዘኑን ከፈትኩ። ቀዩ ያበራል። የቀኙ ፓራፋንጎ ግን አሮጌው ነው። የደበዘዘው፣ የተፋፋቀው፣ መሐሉ የመዳፍ ያህል ብረት የወጣው። በገዛ ብሎኖቹ ተገጥሟል። እኔ ቀብቼ የገጠምኩት አዲሱ ጨርቅ ለብሶ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። መሪው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ተጠቅልላለች።

ዳዶዎቹ አልጠበቁም፣ በእጅ ብቻ የዞሩ ናቸው። ቁልፍ አነሣሁ። ፈትቼ አዲሱን ለመመለስ ጊዜ አለኝ። ኖርብ ሲያየው ምን ይላል? የክበቡ ሰው ሁሉ ምን ይላል?

አጠበቅኳቸው። እንዳይወድቅ።

ኖርብ ተጎታቹን ይዞ ደረሰ።

ኦገስት 15፣ ማታ

ሁሉንም ልጻፈው።

ኖርብ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ «ኧረ አርቪድ! አንድ ፓራፋንጎ ረስተሃል!» ብሎ ጮኸ። አልረሳሁም አልኩት። አየኝ። ፓራፋንጎውን አየ። ወደ ቤታችን መስኮት አየ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር መጫን ጀመረ። ኖርብ ሲፈልግ ብልህ ሰው ነው።

ሜዳው ላይ የቋሊማ ጢስና የሣር ሽታ ነበር። ትራክተሮቹ ተሰለፉ፤ የክበቡ ሰዎች ከየወንበራቸው ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል። ከሥራ ልብስ ወገኖች አንዱ «አርቪድ ሃይማኖቱን ቀየረ?» ሲል ሰማሁ። ሌላው ዝም አሰኘው። ኖርብ በራሱ ትራክተር ፊት ቆሞ ሰንሰለቱን አሰረ። ኮፍያው ገና አልደረሰም ነበር።

ያኔ ማርሊስ መጣች። ኮፍያውን ይዛለች። ወንበሩ ላይ ታደርገዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ራሷ ላይ አደረገችው። ሰንሰለቱን ፈታች፤ ለኖርብ አቀበለችው። ወጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ማርሊስ» አለ ኖርብ ቀስ ብሎ፣ «ደንቡ እኮ ...»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ዝም በል።»

ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከሰው ላይ ሳታነሣ፣ እጇን ከሰልቫትዮው ሥር አስገብታ መዝጊያዋን ከፈተች። አልፈለገቻትም፤ እጇ አገኛት። ከዚያም ጠበቀች፣ ቤንዚኑ እስኪወርድ፤ ልክ እሱ እንደሚጠብቀው። መዝጊያዋ የት እንዳለች አሳይቻት አላውቅም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድም ቀን።

ገመዱን እኔ ሳብኩላት። ተነሣ።

ብቻዋን አዞረችው። መንገዷ እንደዚያ ትልም ነበር፣ ወዲያና ወዲህ የሚል። ማንም አልሳቀም። ሰዎች ኮፍያቸውን አወለቁ። ሜዳው ጥግ ላይ ስትደርስ የምከተላት መሆኔን ለማየት ወደ ኋላ ዞረች፤ ስትዞር ቀኝ እጇ ያንን ብረት ተደገፈ። እጇ ከእሱ እጅ ያንሳል። ዙሪያውን ብረት ይታይ ነበር።

እየሮጥኩ ነበር። በስድሳ ስድስት ዓመቴ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ቤት ገባን። ቀዩን መጋዘን አስገባሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ማርሊስ የቀረውን ቋሊማ ከድንች ሰላጣ ጋር አቀረበች። የሱቅ ድንች ነው። በላን። ሳህኗን እያየች፣

«ዘጋኸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መዝጊያውን።»

«ረሳሁት» አልኳት። አልረሳሁትም ነበር።

ሹካዋን አስቀመጠች። «ኩርቲስ ቢሰማህ!» አለች።

ስሙ እንዲህ ነበር የወጣው፣ እንደ ማንኛውም ስም፣ ድንች ሰላጣ ላይ። ቤቱ አልወደቀም። «መጋዘኑን ከነዘመዶቹ ታቃጥለዋለህ ይለኝ ነበር» አልኩ። «ኩርቲስ» አልኩ። እኔም አልኩት።

ተነሥታ ኮፍያውን ከምስማሩ ላይ አወረደች፣ የእጅ ባትሪውን ወሰደች፣ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ብርሃኗ ግቢውን አቋርጦ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። መንገዱን ታውቀዋለች፤ መንገዱ ላይ ብቅ ያለችውን ድንጋይ እንኳ ሳታያት ተሻገረቻት።

አንዲት መዝጊያ ለመዝጋት አንድ ሰው ይበቃል። እኔም ግን ጫማዬን አደረግኩ።